ከዝሆኖች አገር የመጣ ትምህርት

አንበሳ በሚገዛው ቆላ ሕግና ሥርዓት ሞልቶ ተርፎ ነበር። የወለደች ሁሉ የመጀመሪያ ግልገሏን ለቤተ መንግሥት ትገብራለች፤ ሁለተኛውን ደግሞ ግብር ሰብሳቢው አያ ጅቦ ለድካሙ ይወስዳል። እንዲህ ሆኖ ሳለ መንጋው ለምን ሽማግሌ ብቻ እንደቀረው ሊቃውንቱ ሊደርሱበት አልቻሉም። በየበጋው አዞ የሞላበትን ወንዝ መሻገር ግድ ነው፤ አዛውንቱ ሲያዘግሙ ጉዞው ይጓተታል። አያ ጅቦን ያሳሰበው ግን ሌላ ነበር፤ ያረጀ አይወልድም፣ ያልወለደም አይገብርም።

«ሌላው አገር ሽማግሎቹን እንዴት እንደሚይዝ እንማር» ተባለና ሚዳቋ ወደ ዝሆኖች አገር ተላከች። የተመረጠችው ሯጭ ስለሆነች ነው፤ ስለ ዝግታ እንድትማር! እሷ ግን ደስ አላት። እናቷ አርጅታ አንድ እግሯን ትጎትት ነበርና፣ መላ አገኝላት ይሆናል አለች።

እዚያ ያየችው አስደነቃት። መንገዱን የምታውቀው አሮጊቷ ዝሆን ከፊት ትመራለች፤ ስትቆም ሁሉም ይቆማል። ወንዝ ሲደርሱ ግን ጎረምሶቹ ቀድመው ገብተው አዞውን ያባርራሉ፤ አሮጊቷ በመሀላቸው ትሻገራለች።

ሚዳቋ ከርማ፣ ሆዷ ገፍቶ ስትመለስ ጉባኤ ተጠራ።

«ጃንሆይ፣ ዝሆኖች አሮጊቶቻቸውን ያስቀድማሉ...» ብላ ስትጀምር አያ ጅቦ ብድግ አለ።

«እሰይ! ሽማግሌ ማክበር ድሮም ባህላችን ነው። እኛም እናስቀድማለን!»

«በወንዙም?» አለ አንበሳ።

«በወንዙማ ይብሳል እንጂ ጃንሆይ! ክብር እኮ ነው።»

ሁሉም አዞዎቹን አሰበ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም፤ ጉባኤውም አፉን ገጠመ። አሮጌው ጎሽ ብቻ እየተንገዳገደ ተነሣ። «ጃንሆይ፣ ልጅቷን አላስጨረሷትም። እነዚያ ዝሆኖች ወንዙ ላይ ሲደርሱ እንዴት ነው የሚያደርጉት?»

አንበሳ ወደ ሚዳቋ ዞረ። «የቀረሽ ነገር አለ?»

አያ ጅቦ ጠጋ አላት። ሆዷን እያየ፣ «የዚህን ግብር እምርልሻለሁ፣ እቴ» አለ በለሆሳስ።

ሚዳቋ እናቷን ላለማየት መሬት መሬቱን አየች። «የለም ጃንሆይ» አለች።

ጉዞው ሲጀመር አዛውንቱ ከፊት ተሰለፉ። እናቷ እግሯን እየጎተተች፣ አጠገቧ ላሉት ሁሉ፣ «ይህን ክብር ያመጣችልን የኔ ልጅ ናት» ትል ነበር። ውኃው ዳር ስትደርስ ዞር ብላ ሚዳቋን በኩራት አየቻት። «ተባረኪ ልጄ» አለቻትና ገባች።