ኮንትሮል ዜድ እና ይሉኝታ

አንዲት ሴት ነበረች። በአንድ የወረዳ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ፊት ተቀምጣ ደብዳቤ የምትጽፍ ሴት። ሙሉእመቤት ትባላለች፤ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ግን ሁሉም እትዬ ነው የሚላት። ጸጉሯ ሸብቷል፣ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ነው የምታደርገው፣ ጡረታ ለመውጣት ጥቂት ቀርቷታል።

እትዬ ሙሉእመቤት ሥራ የጀመረችው በጽሕፈት መኪና ነው። እዚህ ካላችሁት ያንን ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ የምታስታውሱ እስቲ እጃችሁን አንሡ። አያችሁ፣ ዕድሜያችሁን አወጣሁባችሁ! ታዲያ እናንተ ታውቁታላችሁ። በዚያ ዘመን አንድ ፊደል ከተሳሳተ ወረቀቱ ተመዝዞ ይጣላል። አዲስ ወረቀት ይገባል፣ ካርቦኑ ይስተካከላል፣ ከመጀመሪያው መስመር እንደገና ይጻፋል። ስርዝ ድልዝ ያለበትን ደብዳቤ የሚፈርም አለቃ አልነበረም። እትዬ በዚህ ነው ያደገችው።

ከዚያ ኮምፒውተር መጣ። ማብሪያ ማጥፊያውን አሳዩአት፣ እንዴት እንደሚታተም አሳዩአት፣ "በይ በርቺ" አሏት። በረታችም። እጇ ግን ያው የድሮው እጅ ነው። ለየቀበሌው የሚላክ ደብዳቤ ሲመጣ፣ ከቀበሌው ስም በቀር ቃሉ ሁሉ አንድ ሆኖ ሳለ፣ እሷ ለእያንዳንዱ ቀበሌ ከ"ጉዳዩ" ጀምራ እስከ "ከሰላምታ ጋር" አዲስ ትጽፋለች። አንዳንዴ ደግሞ ሳታስበው ጽሑፉ ሁሉ ተመርጦ ይጠቁርና አንድ ቁልፍ ስትነካ ገጹ ሙልጭ ይላል። ያኔ ምን ታደርጋለች? መነጽሯን አውልቃ ትጠርግና ከመጀመሪያው ትጀምራለች።

ከእሷ ጠረጴዛ ፊት ለፊት ፌቨን የምትባል ልጅ ትሠራለች። ከኮሌጅ ከወጣች ብዙም አልሆናት። ጣቶቿ አይታዩም! ኮንትሮል ሲ ብላ ትገለብጣለች፣ ኮንትሮል ቪ ብላ ትለጥፋለች፣ የቀበሌውን ስም ትቀይራለች፣ አለቀ። ተሳሳተች? ኮንትሮልንና ዜድን አንድ ላይ ነካ ታደርጋለች፣ የጠፋው ተመልሶ ይመጣል። የሥራ ሰዓት ሲያልቅ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ብድግ ነው።

ደግሞ ዝም ብላ አትወጣም። "እትዬ፣ አይሄዱም እንዴ? ይመሽብዎታል እኮ።"

"ሂጂ የኔ ልጅ፣ እኔ ትንሽ ቀርቶኛል።"

"እሺ፣ ደህና ያምሹ እትዬ።"

ክፉ ልጅ እንዳትመስላችሁ። እትዬ ስትገባ ከመቀመጫዋ ትነሣላታለች። ሻይ ሲመጣ መጀመሪያ ለእትዬ ነው። ጠዋት ዝናብ ከያዘ እስከ ግቢው በር ጃንጥላ ይዛ ወጥታ ትቀበላታለች። እትዬ ገጽ ጠፍቶባት እንደገና ስትጀምር ግን ያቺው ልጅ እያየች ዝም ትላለች። ለምን? ኧረ እናንተ ታውቁታላችሁ! ታላቅ ሰው ነቻ! እናቷን የምታህል ሴት አጠገብ ሄዳ "እንዲህ አይደለም፣ እንዲህ ነው" ልትል? በእኛ አገር? አፏ ላይ ይመጣባታል፤ "ድፍረት ይሆንብኛል" ትልና ትውጠዋለች።

እትዬስ? እትዬም እኮ ታያለች። ልጅቷ በምን ተአምር ቶሎ እንደምትጨርስ ይገርማታል። ልጠይቃት ትልና፣ "አሁን ይቺ ልጅ፣ አሮጊቷ ይሄም አይገባትም እንዴ ብላ ብትስቅብኝስ?" ትላለች። በዚያ ላይ ኮምፒውተር በደንብ የማይችሉት ከቦታቸው ይነሣሉ የሚል ወሬ አለ። እሷም ትውጠዋለች።

አንዷ አክብራ ዝም፣ አንዷ አፍራ ዝም። እንዲህ እየተከባበሩ ወራት ሄዱ። እዚህ ጋ ፈገግ ያላችሁ አላችሁ፣ አይቻችኋለሁ። ቆዩ፣ አሁን ቤቷ ልውሰዳችሁ።

ባሏ ጋሽ ተክሌ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ግዙፍ ሰው፣ ሲስቅ ከመንገድ ማዶ የሚሰማ። ስትሮክ መታውና ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ አለው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተረፈ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ታዲያ እትዬን ለብቻዋ ጠርታ ምን አለቻት መሰላችሁ? "እናቴ፣ በየቀኑ ደግፈሽ አራምጂው። አሁን ካልተራመደ እግሩ እንደደረቀ ሊቀር ይችላል። ሌላ መድኃኒት የለኝም፣ መድኃኒቱ መራመድ ነው።"

በየቀኑ መራመድ። ቀላል ይመስላል፣ አይደል? የሰፈራቸው መንገድ ግን ድንጋይ በድንጋይ ነው፣ መብራት የለውም። ሲጨልም እንኳን የታመመ ሰው ጤነኛውም ይደናቀፍበታል። ቤታቸው ደግሞ ከአልጋው ተነሥተህ በሁለት እርምጃ በሩ ጋ የምትደርስበት ጠባብ ቤት ነው። ልጆቻቸው ሌላ ከተማ ናቸው። ጎረቤቶች "እኛ እናራምደው" ብለው መጡ፤ ጋሽ ተክሌ እምቢ አለ። "ሰው እጅ ላይ ተንጠልጥዬ ሰፈሩ አይየኝ" አለ። "አንቺ ስትመጪ እንሄዳለን" አላት። አያችሁ፣ ይሉኝታ እዚያም ቤት አለ! እሷ ስትመጣ ደግሞ ፀሐይ ገብታለች። ጠዋትም ለአውቶቡስ ሰልፍ በጨለማ ነው የምትወጣው፤ የቅዳሜና እሑዱ ብቻ ደግሞ አይበቃም።

ጫማውን አድርጎ በሩን እያየ ይጠብቃታል። በአንድ እጅ ጫማ ማጥለቅ ምን ያህል እንደሚያደክም የታመመ ያውቀዋል። ሲጨልም ትገባለች፤ ተንበርክካ ጫማውን ታወልቅለታለች። "ነገ" ትለዋለች። "ነገ" ይላታል። እግሩ እየደረቀ ነው። ሁለቱም ያውቃሉ፣ ሁለቱም አይናገሩም።

ወገኖቼ፣ ውሃ ልጠጣ። ትንሽ ታገሡኝ።

አንድ ቀን ጠዋት እትዬ "ዛሬ የመጣው ይምጣ፣ በጊዜ እመጣለሁ" ብላው ወጣች። ምሳ ሳትበላ ጻፈች። ለስብሰባ የሚቀርብ ረጅም ቃለ ጉባኤ ነበር። ልትጨርስ ጥቂት መስመር ሲቀራት፣ እጇ ደክሞት ምን እንደነካች እንጃ፣ ያ ሁሉ ጽሑፍ ጠቆረ። ደንግጣ ሌላ ቁልፍ ነካች። ነጭ ገጽ ላይ አንዲት ፊደል ብቻ ቀረች።

እንደ ወትሮው መነጽሯን አልጠረገችም። እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ቁጭ አለች። "ዛሬም አላራምደውም" አለች። ለማንም አልነበረም የተናገረችው።

ፌቨን ቀና አለች። "ማንን ነው እትዬ?"

"ምንም አይደል የኔ ልጅ፣ ሥራሽን ሥሪ።"

"እትዬ፣ እያለቀሱ እኮ ነው።"

እትዬ ከዚያ በኋላ አልቻለችም። ስለ እግሩ ነገረቻት፣ ስለ መንገዱ ነገረቻት፣ ጫማውን አድርጎ እንደሚጠብቃት ነገረቻት። ፌቨን ፊቷ ተለዋወጠ።

"ጋሽ ተክሌን ትንሽ አሟቸው ነው ብለውኝ አልነበር?"

"ታዲያ የቤቴን ጉድ ቢሮ ይዤ ልምጣ?"

ልጅቷ ጠረጴዛውን ዞራ መጣች። ድፍረት ነው አይደለም ብላ አላሰበችም። "እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ምንም እንዳይነኩ። እጅዎን ይስጡኝ እስቲ።" ጣቷን ይዛ አንዱ ቁልፍ ላይ አደረገችላት። "ይቺ ኮንትሮል ናት፣ ተጭነው ይያዟት። እንዳይለቋት። አሁን በሌላው ጣትዎ ይቺን ዜድ የምትለዋን ነካ፣ ነካ።"

ያ ሁሉ ቃለ ጉባኤ ከርዕሱ እስከ መጨረሻው ቁጭ አለ።

"ወይኔ! ወይኔ አምላኬ! ከየት መጣ?" እትዬ እውነት መሆኑን ለማየት ስክሪኑን በጣቷ ዳሰሰችው። ሳቀችም። ከዚያ ሳቋን ቀስ እያለች ዋጠችውና ዞራ ልጅቷን አየቻት።

"ፌቨን፣ ይሄን ታውቂው ነበር?"

"አዎ።"

"ድሮም?"

"ድሮም።"

"እንደገና ስጽፍ እያየሽኝ?"

ምን ትበል? እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ? ፌቨን እትዬ እግር ሥር ቁጭ አለች። "ታላቅ ነዎት እትዬ። እኔ እርስዎን ላርም? ነውር መስሎኝ ነው። ያከበርኩዎት መስሎኝ ነው። እንዲህ መሆኑን መች አወቅሁ? ይማሩኝ በእግዚአብሔር።"

እትዬ ብትቆጣ እኔ አልፈርድባትም ነበር። አልተቆጣችም። የልጅቷ ራስ ላይ እጇን አደረገች። "እኔስ አፌን ከፍቼ ብጠይቅሽ ምን ነበረበት?" አለች። "ያን ሁሉ ጊዜ ማንን ነው የፈራሁት? ይቺን ጩጬ!" ሁለቱም እያለቀሱ ሳቁ። ፌቨን እንባዋን ጠርጋ ተነሣችና የእትዬን ቦርሳ አነሣች። "በሉ አሁን ይሂዱ። የቀረውን እኔ እጨርሰዋለሁ። ፀሐይዋ አልገባችም፣ ይሮጡ!"

እትዬ ቤት ስትደርስ ጋሽ ተክሌ ጫማውን አድርጎ ተቀምጧል። ገና በቀን ሲያያት ደነገጠ። "ምነው? አባረሩሽ እንዴ?"

"አላባረሩኝም። ተነሥ።"

ተነሣ። ደገፈችው። ያን ቀን እስከ ወፍጮ ቤቱ ሄደው ተመለሱ። ሰፈሩ አያቸው፤ ደስ አለው እንጂ ማንም አልሳቀባቸውም።

ከዚያ በኋላ ፌቨን ጠዋት ጠዋት ሥራ ሳይጀመር ለእትዬ አንዳንድ ነገር ታሳያት ጀመር። ሲ ለመገልበጥ፣ ቪ ለመለጠፍ፣ ኤስ መብራት ሳይጠፋ ለማስቀመጥ። እትዬ ጎበዝ ሆነች። አሁን ቦርሳዋን አንጠልጥላ "ፌቨን፣ አትሄጂም እንዴ? ይመሽብሻል እኮ" የምትለው እሷ ናት።

ጋሽ ተክሌስ? ይራመዳል፣ በምርኩዝ። ቀኝ እግሩን ግን ይጎትታል፤ እንዲያ ነው የሚቀረው። በቅርቡ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ጋ ለምርመራ ሲሄዱ ፌቨንም አብራቸው ሄዳ ነበር። ባለሙያዋ እግሩን አጥፋ ዘርግታ ካየች በኋላ፣ "ትንሽ ቀደም ብላችሁ ጀምራችሁ ቢሆን ኖሮ" አለችና ተወችው። ፌቨን በሩ ጋ ቆማ ሰማች። እትዬ እጇን ያዘቻት፤ ልጅቷ ግን እስከ ዛሬ ያቺን ቃል አልረሳቻትም።

አንዳንዶቻችሁ አሁን እኔ ምን እንድል እንደምትጠብቁ አውቃለሁ። "የእግዚአብሔርም ምሕረት እንዲሁ የጠፋውን ይመልሳል" ሊለን ነው ብላችሁ አሜን ለማለት ተዘጋጅታችኋል። እውነት ነው፣ ይመልሳል። ሌላ እሑድ እሰብከዋለሁ። ዛሬ ግን ስለ ፌቨን ነው የምነግራችሁ፤ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ፌቨኖች ብዙ ናችሁና። እኔም አንዱ ነኝ።

እኛ ሰባኪዎች አቋራጭ መንገድን ስንወቅስ ነው የምንኖረው። ሰውን በጊዜ ቤቱ የሚያስገባ አቋራጭ ግን ምን ኃጢአት አለበት? ሚስትን ለባሏ የሚያደርስ አቋራጭ ምን ክፋት አለው? እያወቁ ዝም ማለት ነው ክፋቱ። ደግሞ በክፋት ዝም ብንል ምንኛ በቀለለ፣ ንስሐ እንገባ ነበር። በጨዋነት ነው ዝም የምንለው! "ሰው ምን ይለኛል፣ ደፈረኝ ይለኛል፣ የሰው ጉዳይ ውስጥ ገባች ይሉኛል።" አይደለም እንዴ?

እስቲ ንገሩኝ፣ ፊት ለፊታችሁ ማን ተቀምጧል? አማትሽ ክኒናቸውን ያለ ሰዓቱ ሲውጡ እያየሽ፣ "ምራት ሆኜ እንዴት እላለሁ" ብለሽ ዝም ያልሽ የለሽም? አንተ በየቢሮው የተንከራተትክበትን ጉዳይ በየትኛው በር ገብተህ እንደጨረስክ ታውቃለህ፤ ጎረቤትህ ዛሬም የተሳሳተው በር ላይ ቆሞ ይውላል። ነግረኸዋል? አንቺ ልጅሽን ስታጪ ያለፍሽውን ሐዘን አሁን የምታልፍ ሴት ከኋላሽ ተቀምጣለች። ምን እንዳቆመሽ ነግረሻታል? ወይስ ሰላምታ ብቻ ሰጥተሻት ነው የምትወጪው?

እናንተ እትዬዎችም አላችሁ፣ አልተውኳችሁም። ልጁን መጠየቅ ያፈረ አባት አለ። "ይሄ አይገባኝም" ማለት ሞት የመሰላት ሸምገል ያለች እናት አለች። ሸክማችሁን "ትንሽ ነው" እያላችሁ የምትሸፍኑ አላችሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ ብትጠይቁ ቤታችሁ የሚጠብቃችሁ ሰው ያርፍ ነበር እኮ! ለእናንተ ኩራት ዋጋ የሚከፍለው ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው ነው። ጫማውን አድርጎ የሚጠብቃችሁ አለ፤ እባካችሁ ጠይቁ።

ማስታወሻዬ ላይ ገና ብዙ ነበረኝ። ልተወው። መዘምራንም ትንሽ ታገሡ፣ አሁን አትነሡ። እናንተ ተነሡ። ያ ሰው እዚሁ ካለ ወንበሩ ድረስ ሂዱ፤ እዚህ ከሌለ ወደ ደጅ ውጡና ስልክ ደውሉለት። "ይህን ቀደም ብዬ ልነግርህ ይገባ ነበር፣ ይቅር በለኝ" በሉትና የምታውቁትን ንገሩት። ሂዱ፣ አትተያዩ። የመዝጊያውን ጸሎት ስትመለሱ እንጸልያለን።