የሰባት ዓመቱ ኪራይ

ስሟን የማልጠራት አንዲት የቆየች የንግድ ከተማ ነበረች። ስሟን የምተወው ረስቼው አይደለም። የአበዳሪዎቹ የልጅ ልጆች ዛሬም እዚያው ይኖራሉ፤ እኔም ከእነሱ ጋር ሙግት አልሻም። በዚያች ከተማ ከጁምዓው መስጂድ ዝቅ ብሎ አቡጀዲና ሻሽ የሚሸጡ ሐጂ ሙዘይን የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ጨርቅ የሚለኩት በክንዳቸው ነው፤ ክንዳቸው ደግሞ ከሰው ሁሉ ይረዝማል። ሌላ ሰው ይለካልዎ ቢባሉ እሺ አላሉም። ገበያተኛው ከሌላ ሱቅ ይልቅ እሳቸው ዘንድ መሰለፉ ስለዚህ ነበር።

በዚያ አገር ገንዘብ የቸገረው ሰው ቤቱን ወለድ አገድ ያስይዛል። ውሉ አጭር ነው፤ «ብሩ ወለድ የለው፣ ቤቱ ኪራይ የለው» ይባላል። አበዳሪው በብሩ ላይ ምንም አይጨምርም፤ ብሩ እስኪመለስ ግን ቤቱን ይዞ ኪራዩን ይበላል። ሰባት ዓመት ሞልቶ ብሩ ካልተመለሰ ቤቱ ለአበዳሪው ይጠቃለላል። የሃይማኖት አዋቂው ዓሊምም ነጋዴውም እንዲህ ያደርግ ነበር። ሪባ የሚባለው የወለድ ወንጀል ሌላ ከተማ ያሉ ሰዎች የሚሠሩት ይመስላቸው ነበር።

መንሱር አራጋው የተባለ ነጋዴ በቅሎ ሊገዛ ከሐጂ ሙዘይን አራት መቶ ሃያ ጠገራ ብር ተበደረ። መያዣ ያደረገው ገበያው ፊት ያሉትን ሦስት የሱቅ ክፍሎቹን ሲሆን፣ እሱ ከሚስቱ ከሉባባና ከአምስት ልጆቹ ጋር በጓሮ በኩል ባሉት ሁለት ክፍሎች ቀረ። ሰባት ዓመት ካለፈ ግን ጓሮውም አብሮ እንደሚሄድ ውሉ ላይ ተጽፏል። የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ መንሱር ይህን ሲፈርም ሁለት ጊዜ አላሰበም። በሁለተኛው ዓመት በሽታ ገባና በቅሎዎቹ በአንድ ወር አለቁ። ከዚያ በኋላ የሰው ጭነት እየተሸከመ ልጆቹን አበላ፤ ለዕዳው የሚተርፍ ነገር አልነበረውም።

ሰባተኛው ዓመት ሊሞላ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ማዘጋጃ ቤቱ ለቤት አከራዮች የግብር ቅናሽ አወጀ። ገበያው ቀዝቅዞ ስለነበር፣ ቤቱን የሚያከራይ ባለቤት ከዓመት ግብሩ ግማሹ ይቀርለታል ተባለ። የመንሱር ሱቆች ግብር በዓመት አራት ብር ነው፤ ይህን ሰባት ዓመት ሙሉ ሲከፍሉ የኖሩት ሐጂ ሙዘይን ናቸው። ስለዚህ ሁለት ብር ሊያስቀንሱ ማክሰኞ ጠዋት ደረሰኞቻቸውን ይዘው ሄዱ።

ጸሐፊው ደረሰኞቹን አገላብጦ አየና ሁሉም የተቆረጡት በመንሱር አራጋው ስም መሆኑን ነገራቸው። ቅናሹ የሚሰጠው ለባለቤቱ ነው፤ ባለቤቱም ኪራዩን የሚወስደው እሱ መሆኑን ምሎ ይፈርማል። ከዚያ ቀለም ነክሮ የቤቱ ባለቤት ማን ነው ብሎ ጠየቃቸው።

ሐጂ ሙዘይን የእኔ ነው ሊሉ አፋቸውን ከፍተው ተዉት። የመንሱር ነው ካሉ ደግሞ የኪራዩ ነገር ይመጣል። ጸሐፊው ሊረዳቸው ፈለገ። ሰውየው ጁምዓ ዕለት ቤቱን ሊያስረክብዎ አይደል፣ ሦስት ቀን ቀድመን በእርስዎ ስም ብንጽፈው ማን ይጎዳል አላቸው። ሽማግሌው ግን ደረሰኞቻቸውን ሰብስበው ሳይፈርሙ ወጡ።

ቤታቸው ገብተው ምሳ ሲቀርብላቸው አልበሉም። ደረሳ ሆነው ኪታብ ሲማሩ ሸኻቸው ያስተማሯቸው አንድ ቃል ነበር፦ ለአበዳሪው ጥቅም የሚስብ ብድር ሪባ ነው። ይህን ቃል ስንት ጊዜ ለሌላ ሰው ተናግረውታል። ቤቱ የመንሱር ከሆነ ኪራዩም የመንሱር ነው፤ ኪራዩ የመንሱር ከሆነ ደግሞ ሰባት ዓመት የበሉት ምንድን ነው? አባታቸውም ያደርገው ነበር፣ ከተማውም ያደርገዋል፤ ስለዚህ አንድም ቀን ጠይቀውት አያውቁም። አፈሩ። ከዚያ ወረቀት አምጥተው ሒሳቡን ማሰብ ጀመሩ።

ሦስቱ ሱቆች በወር ስድስት ብር ያስገባሉ፤ በሰባት ዓመት አምስት መቶ አራት ብር ሆነ። ለግብር የከፈሉትን ሃያ ስምንት ብርና ለጣሪያ ያወጡትን ሃያ ብር ቀነሱ። አራት መቶ ሃምሳ ስድስት ቀረ። መንሱር የተበደረው አራት መቶ ሃያ ነው። ሁለት ብር ሊያተርፉ የወጡት ሰውዬ ሠላሳ ስድስት ብር ተገኘባቸው።

ኪራዩን ለመንሱር ሊያስቡለት ነው የሚለው ወሬ በማግስቱ አብረዋቸው ከሚያበድሩት ከሐጂ ጀውሃር ጆሮ ደረሰ። ሐጂ ጀውሃር ስምንት ቤት የያዙ ሰው ናቸው፤ በትራቸውን ይዘው ሲገቡ ሰላምታቸውም አጭር ነበር። ብር አውጥቶ መስጠት እንዲህ ቀላል ነው ወይ ብለው ጀመሩ። በቅሎ ይሞታል፣ ሰው ይሞታል፣ ተበዳሪ አገር ጥሎ ይጠፋል። የዚህ ሁሉ ስጋት ዋጋ የለውም ወይ አሉ።

«ለስጋቱማ ቤቱን ያዝን» አሉ ሐጂ ሙዘይን። «ረህኑ፣ መያዣው፣ የተሰጠን ብራችንን እንዲጠብቅ ነው። እኛ ግን ዘበኛውን ለራሳችን አሳረስነው።»

ሐጂ ጀውሃር በዚህ እንደማያሸንፉ ሲያዩ ሌላ መንገድ አመጡ። ለመንሱር ካዘንክለት ቤቱን በሰደቃ መልስለት፣ ሠላሳ ስድስቱንም ብር መርቀህ ስጠው፤ ከተማው ሁሉ ያመሰግንሃል። ሐቁ ነው ብቻ አትበል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ነገ የሁላችንም ተበዳሪ ሒሳብ አምጡ ብሎ በራችን ላይ ይቆማል አሉ። እውነቱን ለመናገር ምክሩ መጥፎ አይመስልም። መንሱር ቤቱን ያገኛል፣ ሐጂ ሙዘይን ስም ያገኛሉ፣ አበዳሪዎቹም በሰላም ያድራሉ። ሸይጣን ሁልጊዜ በኪሳራ አይመጣም፤ አንዳንዴ ሁሉንም የሚጠቅም ሐሳብ ይዞ ይመጣል።

ጁምዓ ከሶላት በኋላ መንሱር ሁለት ምስክሮች ይዞ በመስጂዱ ግቢ ጠበቃቸው። የጓሮውን ክፍሎች ቁልፎች በመሀረብ ቋጥሯል። ሉባባ ከሴቶቹ በር አጠገብ ቆማለች፤ ዕቃዋ ወደ ወንድሟ ቤት እንዲሄድ ከጠዋት ጀምሮ ታስሮ ነበር። ሐጂ ጀውሃርም ከአበዳሪዎቹ ጋር ጥላው ሥር ተቀምጠው ያያሉ።

ሐጂ ሙዘይን መንሱርን አጠገባቸው አስቀምጠው ወረቀቱን አሳዩት።

«መንሱር፣ ያንተ ዕዳ ካለቀ ስድስት ወር አልፎታል። አሁን ባለዕዳው እኔ ነኝ» አሉ።

መንሱር አልገባውም። ሲገባው ደግሞ ጉልበታቸውን ሊስም ተደፋ። «ሐጂ፣ ለልጆቼ አዘኑልኝ። አላህ ጀነት ይስጥዎ» አለ።

ሽማግሌው ትከሻውን ይዘው አቀኑት። «አላዘንኩልህም። ይሄ ሰደቃ አይደለም፤ ያንተ ሐቅ ነው። ሳላውቅ በላሁት፤ ማወቅ ሲገባኝ ነው ያላወቅሁት። አፉ በለኝ፤ ይቅር በለኝ።»

ይህን የተናገሩት ግቢው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ ነበር። ጥላው ሥር ያሉት ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ። መንሱር እያለቀሰ አፉ አለ። ሉባባ ግን ከቆመችበት ሳትነቃነቅ ተናገረች።

«ሐጂ፣ ሰባት ዓመት ሙሉ እርስዎን በሩቅ ባየሁ ቁጥር መንገድ ቀይሬ ሄድኩ። እሱንስ በምን ይከፍሉኛል?»

«የምከፍልበት የለኝም። አፉ ካላልሽኝ በወዲያኛው ዓለም፣ አኺራ ላይ ትይዥኛለሽ» አሉ ሐጂ ሙዘይን።

«ላስብበት» አለች። ሠላሳ ስድስቱ ብር ተቆጥሮ ተሰጠ፣ ውሉ ተቀደደ፣ መንሱርም ቁልፎቹን ይዞ ተመለሰ። ሉባባ በሦስተኛው ቀን ሱቃቸው ድረስ መጥታ አፉ አለቻቸው። እስከዚያ ቀን ድረስ ሽማግሌው ደህና እንቅልፍ አልተኙም ይባላል። የግብሩ ቅናሽም በመንሱር ስም ተጻፈ፤ ሁለት ብር ነው። ከአበዳሪዎቹ አራቱ በዚያው ወር ሒሳባቸውን አሠሩ፤ ሌሎቹ ከሐጂ ሙዘይን ጋር ሰላምታ አቆሙ።

ሐጂ ጀውሃር ግን አንድ ነገር ከንክኗቸው ስለነበር ከወር በኋላ መጡ። ብሩን መመለስህስ ይሁን፣ ሰውየው ጉልበትህን ሊስም ሲል ብትተወው ምን ነበረበት ብለው ጠየቁ። ሐጂ ሙዘይን አቡጀዲ እየለኩ ነበር፤ ክንዳቸውን ሳያጥፉ መለሱላቸው።

«ዕዳውን ሰደቃ ብሎ የሚከፍል ሰው ሁለት ጊዜ ይቀማል።»

ይህን ቃል ሳስበው የመጀመሪያው ቅሚያ ቀላሉ ነው። ገንዘብ ነውና ይቆጠራል፣ ይመለሳል። ሁለተኛው የሚቀማው ግን የሰውን ቀና ብሎ መሄድ ነው። የገዛ ሐቁን ስንሰጠው አጎንብሶ እንዲቀበል እናደርገዋለን፤ ምስጋናውንም እኛ እንወስዳለን። ሉባባ የጠየቀችው ይህን ነበር፤ ሐጂ ሙዘይንም የሚከፍሉበት ያጡት ለዚህ ነው። ብዙዎቻችን ቸር የምንባለው ሒሳቡን የጠየቀን ሰው ስለሌለ ነው።

ስለሌላ ሰው ብቻ እንዳላወራ የራሴን ልጨምር። እኔም ሁለት ክፍል ቤት አከራያለሁ። ባለፈው ዓመት ግብሩ ከበደኝ ብዬ ኪራይ ጨመርኩ፤ ግብሩ በኋላ ሲቀነስልኝ ግን ኪራዩን ባለበት ተውኩት። ለዒድ ለተከራዬ ሁለት ኪሎ ሥጋ ላክሁለት። ሥጋውን በሁለት እጁ ተቀብሎ ረጅም ዱዓ አደረገልኝ፤ እኔም አሚን እያልኩ ቆሜ ሰማሁት። ትርፉን ኪራይ ትናንት ወስጄ ሰጠሁት፤ ስለዱዓው ግን ምን እንደምለው አላወቅሁም።