የከሰለኞቹ አውጫጭኝ

አንድ ዙሪያውን በተራራ የተከበበ የደጋ መንደር ነበር። ነዋሪዎቹ የሚተዳደሩት ከሰል በማክሰል ነው። በየቤቱ ጓሮ አንድ ጉድጓድ አለ፤ እንጨቱን ይከምሩበታል፣ ሣርና አፈር ያለብሱታል፣ ከዚያም ውስጥ ለውስጥ ሲጤስ ይሰነብታል። የመንደሩ ጭቃ ሹም አስናቀ የሚባሉ፣ ሰው ሲስቅ እንኳ "ምን አግኝቶ ነው?" ብለው የሚጠረጥሩ ሰው ነበሩ። ሹመቱንም ያገኙት በዚሁ ጠባያቸው ነው ይባላል። ከእርሳቸው ዓይን ያመለጠ ሌባ አልነበረም።

በዚያ መንደር ድሮ ጠዋት ጠዋት ውርጩ ሣሩን ነጭ ያደርገው ነበር። እያደር ውርጩ ቀነሰ፤ ኋላም ጭራሽ ጠፋ። ሰዉ ደስ አለው። ብርድ ናፋቂ ስለሌለ "ውርጩን ማን ወሰደው?" ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ጭቃ ሹሙ ብቻ "ሳይለምኑት የሚሰጥ ነገር አያምረኝም" ብለው ነበር፤ እርሳቸውም ቢሆኑ ብዙ ሳይቆዩ በርኖሳቸውን አጣጥፈው ሣጥን ውስጥ ከተቱት። ቀጥሎ ዝናቡ ሲያሻው የሚመጣ፣ ሲያሻው የሚቀር ሆነ። ምንጩም ቀጠነ።

በመጨረሻ የጭቃ ሹሙን አንዲት ልጅ፣ ስንዱን፣ ያንቀጠቅጣት ያተኩሳት ጀመር። ሐኪሙ ወባ ነው አላቸው። ስትታከም ይሻላታል፤ ተሽሏት ሳይከርም ደግሞ ያገረሽባታል። አባትየው ከልጅቱ አልጋ አጠገብ ቁጭ ብለው የሚያስቡት አንድ ነገር ብቻ ሆነ። ወባ የቆላ በሽታ ነው። እዚህ ደጋ ላይ ምን እግር ጣለው? አንድ ሰው ይዞት ሳይመጣ አይቀርም። ያንን ሰው ካላገኙ ልጃቸውን እንደሚቀብሯት ተሰማቸው።

ሰውየውን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አላስፈለጋቸውም። ባሕሩ የሚባል ንብ አናቢ ከቆላ ከነሚስቱ ከነልጆቹ ወጥቶ ከመንደሩ ዳር ጎጆ ቀልሷል። ጭቃ ሹሙ ሰውየውን ከመጣበት ቀን ጀምሮ አልወደዱትም። አሁን የጎጆውን በር ሲያዩ ደማቸው ይፈላ ጀመር፤ አውጫጭኝ እንዲጠራም አዘዙ።

አውጫጭኝ የአገሩ ልማድ ነው። ያጠፋው ሰው ያልታወቀ ጥፋት ሲደርስ ሕዝቡ በሙሉ ይሰበሰባል፤ እያንዳንዱ እየተነሣና እየማለ የሚጠረጥረውን ሰው ይጠራል። ጥፋተኛው ሳይወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። የወጣበት ሰው ደግሞ መንደሩን ለቆ ይሄዳል። ጭቃ ሹሙ የሚናገሩት ከሁሉ በኋላ ነው። ቀድሞ የሚሰበሰቡት በትልቁ ጽድ ጥላ ሥር ነበር። ጽዱ ከሰል ሆኖ ስለተሸጠ አሁን ፀሐዩ ላይ ተቀመጡ።

"ቆለኛውን እጠረጥራለሁ" አሉ እማማ ይታክቱ ምለው። "እርሱ ሳይመጣ ወባ የሚባል አናውቅም ነበር።"

"እኔም ቆለኛውን" አለ ቸኮል፣ የጭቃ ሹሙ ጎረቤት። ሌላውም ሌላውም እየተነሣ ያንኑ አለ። የባሕሩ ሚስት ትንሹን ልጇን በነጠላዋ ሸፍና አንገቷን ደፋች።

"አንተስ ምን ትላለህ?" አሉት ጭቃ ሹሙ።

"ጌታዬ፣ ወባ በአቁማዳ አይመጣም" አለ ባሕሩ። "እኔ ከአገሬ የወጣሁት ሙቀቱ ከፍቶ ንቦቼን ቢያረግፍብኝ ነው። ቀዝቀዝ ይላል ብዬ እዚህ ወጣሁ። ሙቀቱም ተከትሎኝ ወጣ፤ ትንኟም ሙቀቱን ተከትላ ወጣች።"

"ሙቀቱንስ ማን አመጣው?"

"ከተራራው አናት ላይ ሆነው ወደ መንደርዎ ቁልቁል ይመልከቱ። እኔ ስሙን ብናገር አያምኑኝም።"

ጭቃ ሹሙ በሆዳቸው ሳቁ። ቆለኛው ጊዜ ሊገዛ ነው፣ ወይም ወደ ተራራው ልኮኝ ሊያመልጥ ነው አሉ። እግሩን አስረው ሕዝቡ እንዲጠብቀው አደረጉና ብቻቸውን ወጡ። ውሸቱን በዓይናቸው አይተው፣ ተመልሰው ሊያዋርዱት ነው።

ከአናቱ ላይ ቆመው ቁልቁል አዩ። ከየጓሮው ጢስ ይወጣል። ከጣሪያ በላይ ከፍ ሲል አንዱ ከአንዱ ይቀላቀልና መንደሩ ላይ ይጋደማል። ጭቃ ሹሙ ቸኮልን ከድሮም ይጠረጥሩት ስለነበር መጀመሪያ የፈለጉት የእርሱን ጢስ ነው። መለየት አልቻሉም። ከሁሉም ወፍሮ የሚወጣ አንድ ጢስ ግን ነበር። "ይኸው፣ ያዝኩህ" አሉና በዓይናቸው ወደ ታች ተከተሉት። ጢሱ የሚነሣው ስንዱ ከተኛችበት ቤት ጓሮ ነበር። ዕድሜ ልካቸውን ሰው ሲጠረጥሩ ኖረው ራሳቸውን አንድ ቀን እንኳ ሳይጠረጥሩ በመቅረታቸው አፈሩ።

ወርደው ባሕሩን ፈቱት። ከዚያም እንደ ልማዱ ቆመው ማሉ። "ልጄን ያሳመማትን ሙቀት ያመጣው ከእኔ ጓሮ የሚወጣው ጢስ ነው። ያስፈጀሁትም ዛፍ አለበት። የእናንተም ጢስ ከእኔው ጋር ተቀላቅሏል፤ ሁላችንም ካላጠፋነው መፍትሔ የለውም።"

ሕዝቡ የሰማው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ቸኮል ብድግ አለና "በአፋቸው አመኑ። ጥፋተኛው ወጣ" አለ። ሁሉም እፎይ አለ። የጭቃ ሹሙን ጉድጓድ በአፈር ደፈኑት፤ አገር ለቀው እንዲሄዱም ፈረዱባቸው። ስብሰባው ሥራ አስፈትቷቸው ስለነበር እዚያው ማታውን በየጓሯቸው ተጨማሪ እንጨት ከመሩ።

ጭቃ ሹሙ ስንዱን በበቅሎ አስቀምጠው ወጡ። ባሕሩም የተጠረጠረበት መንደር አልጥም ስላለው ቀፎውን ተሸክሞ፣ ሚስቱንና ልጆቹን አስከትሎ አብሯቸው ወጣ።

"ከዚህ በላይ ወዴት ይኬዳል?" አሉት ጭቃ ሹሙ አቀበቱ ላይ።

"እስካሁን ወደ ላይ ነበር የምሸሸው" አለ ባሕሩ። "ከዚህ በላይ ግን አገር የለም።"

በዓመቱ የእማማ ይታክቱ የልጅ ልጅ ያንቀጠቅጠው ጀመር። ከዚያ የቸኮል ልጅ ታመመ። ሕዝቡ እንደገና ፀሐዩ ላይ ተሰበሰበ። አስናቀ የሉም፤ ቆለኛውም የለም። ማንን ይጥሩ? እርስ በርሳቸው በጎሪጥ ተያዩ። በዚያ ሁሉ ሰዓት ጓሯቸው ይጤስ ነበር።

ወዳጄ፣ ምድራችንን የከበበው አየር ከጥንት ጀምሮ ብዙ ጊዜ ተለዋውጧል፤ ነገር ግን ያ እጅግ ረጅም ዘመን የፈጀ ለውጥ ነበር። ያሁኑን ያፋጠነው የእኛ እጅ ነው። የሚታየውን ጢስ ነፋስ ይበትነዋል። የማይታየው ግን ከላያችን እንደ ብርድ ልብስ ተደርቦ ሙቀቱን ይይዛል፤ የማን ምድጃ እንዳወጣውም አይለይም። ሁሉም ያጠፋው ጥፋት ማንም ያላጠፋው ይመስላል። እናም ጥፋቱን ያመነውን አንድ ሰው አባርረን ጥፋቱን ራሱን ያባረርን ይመስለናል።

እርስዎ በዚያ አውጫጭኝ ላይ ተገኝተው ቢሆን ማንን ይጠሩ ነበር? ከመማልዎ በፊት ግን ወደ ጓሮዎ ዞር ብለው ይዩ።