የግራሩ ዘበኛ

ተረት ተረት ስላችሁ ጆሯችሁን ስጡኝ።

በአንድ የግራር ዱር የምትኖር ትንሽ የዛፍ ሽኮኮ ነበረች። እባብ ባየች ቁጥር ጅራቷን እያርገበገበች ትጮሃለች። ጩኸቷን የሰማ ሁሉ ያመልጣል፤ አመሰግናለሁ ያላት ግን የለም። እንዲያውም ከግራሩ ሥር የምትኖረው ጅግራ «ልጆቼን አታስደንግጪብኝ!» እያለች ትቆጣታለች።

አንድ ቀን ሽኮኮዋ ጉሮሮዋ ደርቆ፣ ዓይኗም ከብዶ እንቅልፍ ወሰዳት። ስትነቃ ጅግራ ታለቅሳለች። እባብ አንዱን ጫጩቷን ውጦባት ነበር።

«ምነው ሳትጮሂ ቀረሽ?» አለቻት ጅግራ።

«ደክሞኝ ተኛሁ፣ እህቴ። አንቺስ ሲመጣ አላየሽውም?»

«አየሁትማ። አንቺ ትጮሂያለሽ ብዬ ዝም አልኩ።»

ሽኮኮዋ የቀሩትን ጫጩቶች ለአፍታ አየቻቸው። ከዚያም ዓይኗን እያሸች እንደገና ዘብ ልትቆም ቀስ ብላ ወደ ላይኛው ቅርንጫፍ ወጣች።