አካፋው የቆመበት

አንድ ሰው ነበረ፤ ሥራው ውሃ ማካፈል። ተቀመጪ እንጂ ሐመልማል፤ ቆመሽ በሩን በሩን እያየሽ የሚሰማ ነገር አይደለም። ጥያቄሽ ገብቶኛል። የምግብ ትእዛዞችን ለአምስት ሞተረኞች በተራ የሚያድል ፕሮግራም ጻፍሽ፤ አምስተኛው ሞተረኛ ግን ሄልሜቱን ታቅፎ በረንዳ ላይ ይውላል። ዛሬ መጥቶ «እህቴ፣ ምን በድዬሽ ነው?» አለሽ። አንቺ ደግሞ ማንንም አልዘለልሽም፣ ለማንም አላደላሽም። እና «ጋሼ፣ ጥፋቴ የቱ ጋ ነው?» ብለሽ መጣሽ። ስሚኝ እንግዲህ፤ እኔም ብዙ መቀመጥ አይሆንልኝም፣ አሳጥሬ እነግርሻለሁ።

ይህ ሰው የውሃ አባት ነበር። በመስኖ አገር የውሃ አባት ማለት ውሃው ለማን፣ መቼ እንደሚከፈት የሚወስን፣ ገበሬዎቹ ራሳቸው መርጠው የሚሾሙት ዳኛ ነው። ከምንጩ የሚወርደው ቦይ በሰባት ማሳ ጥግ ያልፋል። ውሃው ቀን ቀን የእነሱ ነው፤ ሲመሽ ወደ ማዶው መንደር ይዞራል፤ ሲነጋ ይመለሳል። የውሃ አባቱም ጠዋት ጠዋት በቦዩ አፍ ቆሞ ይመርቃል፤ ከመረቀ በኋላ ለመጀመሪያው ማሳ ይከፍታል፤ እሱ ሲጠግብ ለሁለተኛው፣ ከዚያ ለሦስተኛው፣ እንዲህ እያለ ይወርዳል። ከአባቱ የተረከበው ደንብ ይኸው ነው።

ደንቡ ክፉ አልነበረም። ምንጩ ደኅና በነበረበት ዘመን የአንድ ቀን ውሃ ሰባቱንም አጠጥቶ ይተርፍ ነበር። ሰባቱም ጠጥተው ካደሩ፣ በማግስቱ ከአፉ ቢጀመር ማን ይጎዳል? ማንም። ስለዚህ «ለምን ከአፉ?» ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም።

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። አንድ ዓመት ዝናቡ ቀረና ምንጩ መነመነ። አሁን ውሃው አራተኛው ማሳ ላይ ሲደርስ ይመሻል። ጠዋት ሲመለስ ደግሞ የውሃ አባቱ እንደ ልማዱ ወደ ቦዩ አፍ ይወጣል፣ ይመርቃል፣ ለመጀመሪያው ይከፍታል። እግርሽን አታወዛውዢ፤ እየደረስኩ ነው።

ጫፍ ላይ ያለው ገበሬ ሽንኩርት ተክሎ ነበር። ያለ የሌለ ጉልበቱን እዚያ ላይ አፍስሷል፤ እሱ ከደረቀ ቤተሰቡን ይዞ ከመሰደድ በቀር ምርጫ የለውም። አምስተኛውና ስድስተኛውስ ብትዪኝ፣ አልፎ አልፎ ውሃው ሲበረታ ይነካቸዋል። እሱ ጋ ግን ጠብታም አትደርስም። በመጀመሪያ ታገሠ፤ «ተራ ነው፤ ይደርሰኛል» አለ። ቅጠሉ ቢጫ እየሆነ ሲመጣ ግን መቀመጥ አቃተው። ቦዩን ሽቅብ ይወጣል፣ ቁልቁል ይወርዳል፤ ቤቱ ይገባል፣ ሳይቀመጥ ይወጣል። ሚስቱ «ኧረ አንተ ሰው፣ እግርህን ምን ነካው? መሬት እንደሆነ በመርገጥ አይርስም» ትለዋለች። እሱ ግን አይሰማትም። ሰው ተራው ሳይደርሰው ሲቀር መጀመሪያ የሚጠይቀው «ማን በላብኝ?» ብሎ ነው። ሲወጣና ሲወርድ የውሃ አባቱ ጉቦ በልቷል ብሎ ደመደመ።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ አካፋውን ይዞ ወጣ። «እኔ ካልጠጣሁ ማንም አይጠጣም» እያለ ነው፤ ቦዩን ሊያፈርስ። የውሃ አባቱን አራተኛውን ማሳ አጠጥቶ ሲዘጋ አገኘው። ገበሬዎቹ ሮጠው መሃል ገቡ።

«ማን ነው የበላብኝ? ስሙን ጥራ!» አለ ባለ ጫፉ።

«ልጆቼን ይንሳኝ!» አለ የውሃ አባቱ። «ማንንም አልዘለልኩም። በአንድ ቀን ለማንም ደግሜ አልሰጠሁም።»

ምሎም አላበቃ፣ አለቀሰ። ሽማግሌ በሰው ፊት ሲያለቅስ ማየት ከባድ ነው፤ ገበሬው አካፋውን ዝቅ አደረገ። ደግሞም ሽማግሌው እውነቱን ነበር። ገበሬው ዐይኑን ወደ መሬት ሲመልስ ቦዩ እስከ አራተኛው ማሳ ርሷል፤ ከዚያ ወዲያ አቧራ ነው። የተጠለፈ ውሃ የለም፣ የተሸነቆረ ግድብ የለም።

«ነገ ከየት ትጀምራለህ?» ሲል ጠየቀ።

«ከአፉ ነዋ! ሌላ ከየት ይጀመራል?»

ገበሬው አካፋውን ወደ ላይ አነሣ። ሰዎቹ ጮኹ። እሱ ግን ቦዩን አላፈረሰም፤ ውሃው በቆመባት ቦታ፣ በአራተኛውና በአምስተኛው ማሳ መካከል፣ አካፋውን ተከለው።

«እንግዲያው ነገ ከዚህ ጀምር» አለ።

«ምርቃቱስ? ምርቃት ከአፉ ነው።»

«እዚያው መርቅ። ውሃውን እዚህ ክፈት።»

ሁሉም የመጀመሪያውን ማሳ ባለቤት አዩ፤ ጸቡን የሚያነሣው እሱ ነው ብለው። ሰውዬው ግን ጉሮሮውን ጠራርጎ «የኔ ሽንኩርት በውሃ ብዛት ሥሩ በሰበሰ» አለ። «እምቢ እንዳልል፣ አንዴ እምቢ ካልኩ ተራዬ ይቀራል ብዬ ፈራሁ።» ይሄኔ ሳቅ ያመለጣቸው ነበሩ፤ ባለ ጫፉ ግን አልሳቀም።

በማግስቱ ከአካፋው ተጀመረ። አምስተኛው ጠጣ፣ ስድስተኛው ጠጣ፣ ባለ ጫፉም ጠጣ። ማሳው ሲያልቅ ውሃው ወደ መጀመሪያው ዞረና እዚያ መሸ። አካፋውም ተነቅሎ ውሃው በቆመበት ተተከለ። ከዚያ ወዲያ አካፋው ሰባቱን ማሳ ሲዞር ከረመ፤ ባለቤቱ የሚቆፍርበት አጥቶ የጎረቤት አካፋ ይለምን ጀመር። ሽንኩርቱ ግማሹ ተረፈ። ግማሹ ግን ውሃው ሳይደርስለት ሞቶ ነበር።

ልጄ፣ የውሃ አባቱ አንቺ ነሽ። ትእዛዝ ጥቂት ጥቂቱ በአንድ ዝርዝር እየሆነ ይመጣልሻል፤ ከመጀመሪያው ሞተረኛ ጀምረሽ ታድያለሽ፤ አምስተኛው ላይ ስትደርሺ ወደ መጀመሪያው ትዞሪያለሽ። መዞሩን ደኅና አድርገሽ ጽፈሽዋል፤ የትእዛዙን ተራ ቁጥር ለአምስት አካፍለሽ ቀሪውን መውሰድሽ ልክ ነው። ግን ሦስት ወይም አራት ትእዛዝ ይዞ የመጣ ዝርዝር አምስተኛው ሞተረኛ ጋ ሳይደርስ ያልቃል። ቀጣዩ ሲመጣስ? ተራው የማን እንደሆነ የሚይዘው ቆጣሪሽ ተመልሶ ዜሮ ይሆናል፤ አንቺም እንደገና ቦዩ አፍ ላይ ትቆሚያለሽ። መጀመሪያ ስትሞክሪው ለአምስት ሞተረኛ አምስት ትእዛዝ ሰጥተሽ ነው አይደል? ምንጩ ሙሉ በነበረ ጊዜ ማለት ነው። ያኔማ ማን ይጎዳል!

ዝርዝር በመጣ ቁጥር ዜሮ የምታደርጊውን ቆጣሪ ዝርዝሩን ከሚያድለው ክፍል አውጥተሽ ውጭ አስቀምጪው። ዝርዝሩ ሲያልቅ የት እንደቆመ ይዞ ይደር፤ ቀጣዩ ከዚያ ይቀጥል። አካፋሽ እሱ ነው። የአንድ መስመር ሥራ ነው፤ ትደርሺበታለሽ።

አሁን ግን ተነሺ። ሞተር ሲነሣ አይሰማሽም? ያ ልጅ «ማን በላብኝ?» እያለ ሊሄድ ነው። ደርሰሽበት «አላዳላሁም» ብለሽ እንዳትምዪለት። የውሃ አባቱም መሐላው እውነት ነበር፤ ግን አንዲት ሽንኩርት አላጠጣም። ሩጪና «አንተ ጋ ሳልደርስ እየመሸብኝ ነበር፤ የሚቀጥለው ካንተ ይጀመራል» በይው።