በጉልበቷ የምትሰማው ፌንጣ

ተረት ልጀምር ነው፤ ጆሮ ስጡኝ! እዚያ ጥግ የምታወራው፣ አንተንም ነው።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳም ዕቃም አፍ አውጥቶ በሚናገርበት ዘመን፣ ከበሮ ሠሪው አያ ገሰሰ ቤት አንድ ትልቅ ከበሮ ምሰሶው ላይ ተሰቅሎ ይኖር ነበር። ጎረቤቱ ምሰሶው ስንጥቅ ውስጥ የምትኖር ፌንጣ ነበረች።

አንድ ቀን ፌንጣዋ የፊት እግሮቿን ምሰሶው ላይ ተክላ ጸጥ አለች። ከዚያም፣ «ጋሼ ከበሮ! ምስጥ ምሰሶውን እየበላው ነው። ቅርጥም ቅርጥም ሲያደርገው ይሰማኛል» አለችው።

«በምንሽ ሰማሽ? ጆሮ የለሽ!»

«ጆሮዬ እዚህ፣ ከጉልበቴ ዝቅ ብሎ ነው። እንዳንተ ቆዳ ተወጥሮበታል፤ የኔው ስስ ስለሆነ ትንሿም ድምፅ ታርገበግበዋለች። ቀድሞ የሰማው ቀኝ እግሬ ከሆነ፣ ድምፁ ከቀኝ ነው የመጣው እላለሁ።»

ከበሮው ሆዱ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። «ጆሮ ጉልበት ላይ! ወይ ጉድ! ቆዳስ የኔ ቆዳ!»

በማግስቱ ተመልሳ መጣች። «ጋሼ፣ ምስጡ መሃሉ ድረስ ገብቷል። አያ ገሰሰ የኔን ድምፅ ከቁም ነገር አይቆጥረውም። አንዴ ድም በልለት፤ ቀና ብሎ ምሰሶውን ይየው።»

«ቅዳሜ ሰርግ አለብኝ፤ ድምፄን እያሳረፍኩ ነው። ሂጂ ወዲያ!»

በሦስተኛው ቀን እየዘለለች መጣች። «ዛሬ መውደቁ ነው። እኔስ ዘልዬ እወጣለሁ፤ አንተ ግን እግር የለህም። ጋሼ፣ በሞቴ፣ አንዴ ብቻ!»

«አትጨቅጭቂኝ!» አላት። እሷ ግን ትታው አልሄደችም። አጠገቡ ቆማ ስትለምነው ምሰሶው ቋ! አለ፤ ጣራው ተደረመሰ።

አያ ገሰሰ ደጅ ስለነበር ተረፈ። ከበሮውን ተቀዶ አገኘው። ፌንጣዋን ግን ሞታ አገኛት፤ የፊት እግሮቿ ምስጥ የበላው ምሰሶ ላይ እንደተተከሉ ነበሩ። አንስቶ ወደ ብርሃን አድርጎ ቢያያት፣ ከጉልበቷ በታች እንደ ከበሮ ስስ ቆዳ ተወጥሯል። «ለካስ ትሰሚ ነበር! ምነው ቀድሜ ባየሁሽ!» ብሎ አለቀሰ።

ከዚያ የከበሮውን ቆዳ ፍቆ ፍቆ አሳሳው፤ እንደ እግሮቿም ሁለት ትንንሽ ከበሮ አድርጎ ወጠረው። የመንደሩ ሰው ከየቤቱ ምሰሶ ጋር እያስጠጋቸው፣ ቆዳቸው ሲርገበገብ እያየ ምስጥ ያለበትን ቤት ይለይባቸው ጀመር።

ሁለት የሆነው ከበሮ አሁን ምስጥ ሲቆረጥም ይሰማል፤ ጉንዳን ሲራመድም ይሰማል። «ጋሼ» የሚለውን ድምፅ ግን ቢጠብቅ፣ ቢጠብቅ አይመጣም። «ምናለ አንዴ ድም ብዬላት ቢሆን ኖሮ!» ይላል።

እናንተም ትንሽ ነው ብላችሁ የምትንቁት ሰው አደጋ አለ ሲላችሁ፣ በምንህ ሰማህ ብላችሁ አትሳቁበት፤ መጀመሪያ ሄዳችሁ እዩ። ተረቴን ጨረስኩ። አሁን ዝም በሉና የየቤታችሁን ምሰሶ አዳምጡ።