የደጃፉ ዋስ

ከወንዙ ማዶ ያለችውን መንደር ዋስ ደጅ ይሏታል። ካርታ ላይ ባትገኝም የሚኒባስ ረዳት ሁሉ ስሟን ይጠራል። እዚያ አገር አንዲት ሴት ማርገዟ ሲታወቅ «አባቱ ማነው» ከመባሉ በፊት «ዋሱ ማነው» ይባላል፤ ዋስ የሚሆነው ደግሞ ወዳጅ አይደለም፣ ልጁ ባይወለድ የሚጠቀመው ሰው ነው። እንግዳ ሲሰማው እብደት ይመስለዋል። የአገሩ ሽማግሌዎች ግን ነገሩን ከሥሩ ያወሩታል።

ድሮ፣ መሬት በርስት ሲያዝ፣ ይመር የሚባል ገበሬ ሚስቱን ደብሪቱን በሦስት ወር እርግዝናዋ ትቷት በወባ ሞተ ይባላል። ልጅ ከተወለደ ርስቱ የልጁ ነው፤ ካልተወለደ ለታናሽ ወንድሙ ለጓንጉል ይገባል። ጓንጉል ክፉ ነበር የሚሉ አሉ፣ መሬት ያጠረው ሰው ነበር እንጂ ክፉስ አልነበረም የሚሉም አሉ፤ ብቻ የወንድሙ ተዝካር በወጣ ማግስት ለደብሪቱ «ሆድሽን ያጥራልሽ» ብሎ አንድ ዋንጫ ኮሶ ላከላት። ኮሶ በዚያ ዘመን ሰው ሁሉ የሚጠጣው የትል መድኃኒት ስለነበር ላኪውን ማንም አይጠረጥረውም፤ እርጉዝ ሴት ግን ያስወርዳል ብላ አትነካውም። ደብሪቱ ገና ሲሸታት አወቀችው። ዋንጫውን እንደ ሞላ ይዛ ዛፍ ሥር ችሎት ወደሚቀመጡት ወደ መንደሩ ጭቃ ሹም ወደ እርገጤ ሄደች።

«ጠጥተሽዋል?» አሏት።

«አልጠጣሁም።»

«ታዲያ ማን ተጎዳ ልበል? ልጄ፣ በእኛ ሕግ ክርስትና ተነሥቶ ስም ያልወጣለት ቢገደል የሚከፈል ደም የለውም። ሆድ ውስጥ ላለውማ ማን ይካሰስለታል?»

እውነታቸውን ነበር። ለተረገጠ ማሳ ካሳ አለ፣ ለተሰበረ የበሬ ቀንድ ካሳ አለ፤ ለጽንስ የለም። ዛሬ ኮሶ ከመጣ ነገ ምን ይመጣል? ገና አምስት ወር አለ፣ ከወለደችም በኋላ ክርስትና እስኪነሣ አርባ ወይ ሰማንያ ቀን፤ ይህን ሁሉ ጊዜ ብቻዋን ዓይኗን ሳትከድን ልትጠብቅ አትችልም።

«ልከስ አልመጣሁም» አለች። «ዋስ ልጠራ ነው።»

«ለማን?»

«ለዚህ» ብላ ሆዷን ያዘች።

«ማንን?»

«አጎቱን።»

ሸንጎው በሳቅ ፈረሰ። «ሥጋ ለጅብ አደራ» አለ አንዱ። ጭቃ ሹሙ ግን አልሳቁም ይባላል፤ ከሰዉ መካከል ተቀምጦ ወደነበረው ወደ ጓንጉል ዞረው «ለወንድምህ ልጅ ዋስ ትሆናለህ? እምቢ ካልህ ምክንያቱን እዚሁ ተናገር» አሉት። ዋንጫው ከፊቱ ተቀምጧል። «እሆናለሁ» አለ። ፍርዱም እዚያው ተቆረጠ፤ ጽንሱ ወይም ሕፃኑ በሰው እጅ ከጠፋ፣ እጁ የማንም ይሁን የማን፣ ዋሱ በነፍሱ ይከፍላል፣ ርስቱም ለቤተ ክርስቲያን ይሆናል።

ከዚያች ቀን ጀምሮ እንቅልፍ ያጣው ጓንጉል ነው። ልጁ እንዲያው ሞቶ ቢወለድስ? ኮሶ የላከ ሰው «እኔ አይደለሁም» ቢል ማን ያምነዋል? ደብሪቱ ውኃ ልትቀዳ ስትወርድ ቀድሟት ከመንገዱ ድንጋይ ይለቅማል፤ ጎረቤት ወጥ ይዛ ከመጣች መጀመሪያ እሱ ይቀምሳል፤ ስታስነጥስ ይደነብራል። ጠጅ ቤት ሲገባ «ጓንጉል፣ ስንተኛ ወርህን ያዝህ?» ይሉታል። እሷ ስትወፍር እሱ ከሳ።

ምጧ የመጣ ቀን ከማለዳ ጀምሮ ደጃፏ ላይ ተቀመጠ። ቀትር ላይ ሴቶቹ «ወጣ፣ ወጣ» ሲሉ ሰማ፤ ከዚያ ጭጭ።

«እትዬ ዘርፌ» አለ አዋላጇን በበሩ ስንጥቅ፣ «ምነው ዝም አለ?»

«አንተም ዝም በል።»

«ይተነፍሳል ወይ?»

«እያሸሁት ነው አልኩህ፣ አታዋክበኝ።»

ትንሽ ጀርባ በመዳፍ ሲመታ ይሰማዋል፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። እንደሚነገረው ጓንጉል ግንባሩን መቃኑ ላይ ደፍቶ «አልቅስ አባቴ፣ መሬቱን ውሰደው፣ ብቻ አልቅስ» ይል ነበር። በመጨረሻ ሕፃኑ አለቀሰ፤ አጎቱም አለቀሰ። ስለ ልጁ ነው ወይስ ስለ ገዛ አንገቱ የሚለው ላይ ሽማግሌዎቹ እስከ ዛሬ አልተስማሙም። ጓንጉል ግን ክርስትናው እስኪደርስ ከዚያ ደጃፍ አልተነሣም፣ መንደሯም ስሟን ከዚያ ወሰደች፤ ሸንጎውም ደም ከሆድ ይጀምራል ብሎ ለሁሉም ሴት ደነገገው ይባላል።

አሁን የተጻፈ ሕግ አለ፣ ፖሊስ አለ፣ ፍርድ ቤት አለ። ቢሆንም በዚያ ጤና ጣቢያ ማዋለጃ ክፍል በር ላይ ሁልጊዜ ሁለት ወንዶች አይጠፉም። አንደኛው ስልኩን ይነካካል፣ ወጣ ብሎ ሻይ ይጠጣል፤ እሱ አባትየው ነው። ሌላው አግዳሚው ጫፍ ላይ እንደ ተቀመጠ ነው፤ ምሳ አይበላም፣ ሽንት ቤት እንኳ አይሄድም። አዲስ የመጣች ነርስ ካለች አዝናለት «አንተ ደግሞ ምኗ ነህ?» ትለዋለች።

«አለቀሰ?» ይላታል።